አድልዎ ያልተገኘበት ስብሰባ

የበጎ መንገድ የመልእክት ማመላለሻ ማኅበር
የአስተዳደር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ የካቲት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.
ቦታ፦ አዘና፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፤ ይኸውም የሊቀመንበሩ የእህል ቤት ሲሆን ጎተራዎቹ ለስብሰባው ክብር ወደ ጥግ ተገፍተዋል።
የተጀመረበት ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ተኩል ላይ።

የተገኙ፦
1. ግራዝማች አድማሴ ውቤ፣ ሊቀመንበር።
2. መሪጌታ ምህረቴ፣ አባልና የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ።
3. አቶ ሙደሲር ሙሐመድሰዒድ፣ ባለሱቅ፣ አባል። ባለፈው ዓመት “ኮሚቴው ልዩ ልዩ ሰው ይኑረው” በተባለ ጊዜ የተጨመሩ።
4. ወይዘሮ ዋጋዬ፣ የሴቶች ተወካይ። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ምክንያት የተጨመሩ።
5. ሀብቱ አየነው፣ ጸሐፊ። ድምፅ የለውም።

ያልተገኘ፦ የሠራተኞች ተወካይ። የማኅበሩ ሠራተኛ አንድ ብቻ ስለሆነና እሱም በታኅሣሥ ወር ስለሞተ ሊገኝ አልቻለም። አስቀድሞ ባለማስታወቁ ቅሬታ ቀርቦበታል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት አራት ድምፅ ያላቸው አባላት ሊገኙ ይገባል። አራት ተገኝተዋል፤ ሞልቷል።

መክፈቻ

ግራዝማች አድማሴ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣውን ትእዛዝ ለአባላቱ አሰሙ። ትእዛዙ ማንኛውም ቀጣሪ ሠራተኛ ሲቀጥር በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በወላጅ ሙያ እንዳያዳላ፣ ሠራተኞቹ ልዩ ልዩ መሆናቸውንም እንደ ሀብት እንዲቆጥር፣ ለሠራተኛው ወገንም በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ እንዲሰጥ ያዛል። እያንዳንዱ ቀጣሪ ይህን እንዴት እንደፈጸመ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። መልሱ ነገ ጠዋት ከቆሰበር ወደ ዳንግላ በሚነሣው አውቶቡስ መሄድ ይኖርበታል። መልስ ያልላከ ቀጣሪ ፈቃዱ ይነጠቃል።

ሊቀመንበሩ ትእዛዙ የደረሳቸው በኅዳር መሆኑን አልደበቁም። ሆኖም ነገሩ በጥሞና የሚታይ ስለሆነ ትራሳቸው ሥር አድርገው ሲያስቡበት መክረማቸውን ገለጹ። አባላቱ ስለ ድካማቸው አመሰገኗቸው።

አጀንዳ አንድ፦ በማኅበራችን አድልዎ አለ ወይስ የለም?

ሊቀመንበሩ አድልዎ ያየ አባል እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። እጅ ያወጣ ሰው አልታየም። አቶ ሙደሲር እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ ነገር ግን የተቀመጡት ከደጃፉ ውጭ ስለነበር ሳይታዩ ቀሩ። ወይዘሮ ዋጋዬ “ኧረ ውጭ እጅ አለ!” ብለው ስለጮኹ ዕድል ተሰጣቸው።

አቶ ሙደሲር፣ ለሌሎቹ ሦስት አባላት የቀርከሃ ወንበር ተሰጥቶ ለእሳቸው በርጩማ መሰጠቱ፣ እሱም ግማሽ ጎናቸውን ፀሐይ ላይ ጥሎ ከበር ውጭ መቀመጡ ከአጀንዳው ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቁ። መሪጌታ ምህረቴ ይህ አድልዎ ሳይሆን አክብሮት መሆኑን አስረዱ። በደጃፍ የተቀመጠ ሰው ነፋስ ያገኛል፤ ሱቁንም እያየ ይሰበሰባል። አቶ ሙደሲር ሱቃቸው ያለው ከቤቱ በስተጀርባ መሆኑን ገለጹ። መሪጌታ እንዲህ ከሆነ ነፋሱ ብቻ እንደሚቀራቸው፣ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አለመሆኑን አከሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በማኅበሩ ውስጥ አድልዎ እንደሌለ ተወሰነ። ለመልካም ፈቃድ ምልክትም የአቶ ሙደሲር በርጩማ ወደ ውስጥ እንዲገባ ሆነ። በርጩማው ሲገባ በሩ አልከፈትም አልዘጋም ስላለ፣ በሩ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ እንዲደገፍ ታዘዘ። በሩን ጸሐፊው ነቀለ።

አጀንዳ ሁለት፦ በሟቹ ነጋ ምትክ መልእክተኛ ስለ መቅጠር

ጸሐፊው ስለ ጉዳዩ ማብራሪያ ሰጠ። ነጋ የአዘና ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማኅበሩ ሲቋቋም በክረምት ጭቃ ደብዳቤና ጥቅል ይዞ ወደ ቆሰበርና ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ የሚጋልብ ሰው ጠፋ። ዳማ በሚባለው በገዛ ፈረሱ ሥራውን የያዘው ነጋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወገቡን ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ልጁ ይታይሽ ተተካች። በአባቷ ኮት፣ በአባቷ ባርኔጣ፣ በአባቷ ስም ስትመላለስ ቆየች። በየፖስታው ጀርባ “አድራሽ” በሚለው ቦታ ላይ ጸሐፊው የሚጽፈው “ነጋ” ብሎ ነበር። ደመወዙም በነጋ ስም እየወጣ እሷ ጣቷን ቀለም ነክራ ትፈርም ነበር። ይህን ከኮሚቴው አባላት የማያውቅ አልነበረም፤ በጽሑፍ ስላልቀረበላቸው ግን የሚያውቅም አልነበረም።

አሁን ነጋ ሞቶ ተዝካሩም ወጥቷል። ወናፉ የሚነፋው አጥቶ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ይታይሽ እናቷን የምታስተዳድርበት ሌላ ነገር ስለሌላት፣ የምትሠራውን ሥራ በራሷ ስም እንድትሠራው አመልክታለች። ካልተፈቀደላት ፈረሱን መሸጧ ነው።

ሁለተኛው አመልካች የሊቀመንበሩ የወንድም ልጅ ደሴ ነው። ደሴ አላመለከተም፤ ሊቀመንበሩ አመለከቱለት።

ውይይቱ ተከፈተ።

ግራዝማች አድማሴ ሴትን እንደሚያከብሩ፣ እናታቸውም ሴት እንደነበሩ በመግለጽ ጀመሩ። ነገር ግን መልእክተኛ ዝናብ ይመታዋል፣ ወንዝ ያቋርጣል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ይነጋገራል። ሴት ልጅ ይህን ትችላለች ብለው ሊያምኑ አልቻሉም። አቶ ሙደሲር ትናንት ለሊቀመንበሩ ከግምጃ ቤት የመጣላቸውን ጥቅል ማን እንዳመጣው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ “ነጋ” ብለው ከመለሱ በኋላ ጥቂት አሰቡና፣ ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነው አሉ።

መሪጌታ ምህረቴ በሴትነቷ በኩል ቅር እንደማይላቸው ተናገሩ። ነገር ግን የቀጥቃጭ ልጅ ናትና ዓይኗ ደብዳቤው ላይ ሲያርፍ፣ ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው ሆዱን እንዳይቆርጠው ይሰጋሉ። አቶ ሙደሲር በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሆዱን የቆረጠው ተቀባይ እንዳለ ጠየቁ። መሪጌታ እስካሁን ደብዳቤው የሄደው በወንድ ስም ስለነበር ነው አሉ። አቶ ሙደሲር፣ መሪጌታ በነጋ ተዝካር ላይ ከሁሉ ቀድመው ተቀምጠው ከሁሉ ኋላ መነሣታቸውን አስታወሱ። መሪጌታ የበሉት ለነፍሱ እንጂ ለሙያው አለመሆኑን አስረዱ።

ወይዘሮ ዋጋዬ በሴትነቷም በአባቷ ሙያም ቅር እንደማይላቸው ገለጹ። ነገር ግን ልጅቱ ፈረስ ላይ እንደ ወንድ እግሯን ለያይታ መቀመጧን በገበያ መሀል አይተው ዓይናቸውን መሸፈናቸውን ተናገሩ። በየትኛው ዓይናቸው እንዳዩ ተጠይቀው ነገሩ በዚሁ ታለፈ።

አቶ ሙደሲር በሴትነቷም፣ በአባቷ ሙያም፣ በአቀማመጧም ቅር እንደማይላቸው ተናገሩ። ሊቀመንበሩ “ነገር ግን?” ብለው ጠየቁ። አቶ ሙደሲር ነገር ግን የለኝም ብለው መለሱ። እንዲህ ያለ አነጋገር በዚህ ኮሚቴ ያልተለመደ መሆኑ ተነግሯቸው ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

ቀጥሎ የደሴ ጉዳይ ታየ። ደሴ ስድስተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ ጽሑፍ እንደሚያነብ ተነገረለት። አቶ ሙደሲር መልእክተኛ ማንበብ መቻሉ ለደብዳቤ ላኪዎች ጥቅሙ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ለራሳቸው ጉዳይ ወደ ቆሰበር የጻፏቸው አንዳንድ ደብዳቤዎች ትዝ ብሏቸው ይመስላል፣ ይህን ነጥብ አልገፉበትም። ወይዘሮ ዋጋዬ ደግሞ ደሴ ያደገው ከተማ ስለሆነ አገውኛ እንደማይሰማ፣ በየገጠሩ ያለው ተቀባይ ሁሉ ግን የሚናገረው አገውኛ መሆኑን አነሡ። በዚህ ጊዜ ግራዝማች አድማሴ ተቆጥተው ተነሡ፤ ለዚህ ሥራ አገውኛ ጨርሶ እንደማያስፈልግም በሰፊው አስረዱ። ያስረዱት በአገውኛ ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለማንም ሳይደላ ሁለቱም አመልካቾች ከምሳ በኋላ በፈረስ እንዲፈተኑ ተወሰነ። ፈተናው እኩል እንዲሆን በአንድ ፈረስ ይሁን ተባለ። ማኅበሩ ፈረስ ስለሌለው የይታይሽ ፈረስ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ ሦስት፦ ምሳና የሴቶች እኩልነት

ሊቀመንበሩ በግ አሳርደው ነበር። ወጡ ለማንም የሚተው ነገር ስላልሆነ የሴቶች ተወካይ ወይዘሮ ዋጋዬ ወደ ማድ ቤት ሄደው እንዲያዩት ተለመኑ። አቶ ሙደሲር ሥጋው በክርስቲያን ቢላዋ የታረደ በመሆኑ እቤታቸው ሊበሉ ሄዱ። ቃለ ጉባኤው ላይ “በገዛ ፈቃዳቸው” ተብሎ እንዲጻፍ ሊቀመንበሩ አሳሰቡ፤ ተጽፏል።

ጊዜ እንዳይባክን የሴቶች እኩልነት በምሳ ላይ ታየ። የተገኙት ሊቀመንበሩና መሪጌታ ናቸው። ሴቶች እኩል መሆናቸው በሁለት ድምፅ ጸደቀ። ውሳኔውን ለሴቶች ተወካይ የሚነግር ሰው ስለታጣ፣ ጸሐፊው ባዶውን ድስት ወደ ማድ ቤት ሲመልስ ነገራቸው። ወይዘሮ ዋጋዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ በአገውኛ መልስ ሰጡ። መልሱ እዚህ አልተጻፈም። ይህም ጸሐፊው አገውኛ ስለማይችል ሳይሆን ስለሚችል ነው።

አቶ ሙደሲር ሲመለሱ፣ ከበጉ ጎን የነበረው የተቀቀለ ድንች ብቻ ቢቀርብላቸው ኖሮ አብረው ይበሉ እንደነበር ገለጹ። ይህ ሐሳብ ለማንም መጥቶለት እንደማያውቅ ታመነ። መሪጌታ፣ የሁለቱም ወገን ሰው ያለ ችግር አብሮ የሚበላው በጾም ቀን ብቻ መሆኑን ጠቅሰው፣ ኮሚቴው ከእንግዲህ ረቡዕና ዓርብ ብቻ እንዲሰበሰብ ሐሳብ አቀረቡ። ሊቀመንበሩ በጾም ቀን ጭንቅላታቸው እንደማይሠራ ተናገሩ። አቶ ሙደሲር በፍስክ ቀን ሲሠራ ያዩበት ጊዜ ካለ እንዲጠቅሱላቸው ጠየቁ። እኩልነት በሳምንት ሁለት ቀን እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ አራት፦ የፈረስ ፈተና

አባላቱ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ወዳለው መስክ ወጡ።

ይታይሽ ጋልባ ተመለሰች። ስለዚህ የሚጻፍ ሌላ ነገር የለም።

ደሴ በአጎቱ ትእዛዝ ኮርቻው ላይ ወጣ። ዳማ አልተንቀሳቀሰም። ደሴ በእርካቡ ጎሰመው። ዳማ አሁንም ቆሞ ቆየና፣ ድንገት የኋላ እግሮቹን አንሥቶ ደሴን ሳማ ውስጥ አስቀመጠው። ደሴ ከሳማው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሥራውን ጨርሶ ጠይቆ እንደማያውቅ ለኮሚቴው ገለጸ። ይህ ቃሉ እንደ ማመልከቻ ማንሻ ተቆጠረለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጸሐፊው እንዳየው ይጽፈዋል። አባላቱ ፈረሱን ከበቡት። ለይታይሽ አንድ ቃል ያልተናገሩ ሰዎች ለዳማ ቃል አላጠራቸውም። ግራዝማች አንገቱን ደባበሱ። መሪጌታ አፉን ከፍተው በጥርሱ ዕድሜውን መሰከሩ። ደረቱ ተመሰገነ፣ ዓይኑ ተመሰገነ፣ ሳማ ላይ ሰው የጣለበት አኳኋን ሳይቀር ተመሰገነ። ግራዝማች እናቱ የአማቾቻቸው በቅሎ ቤት ያደገች ባዝራ መሆኗን አስታውሰው ሐረጉን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሄዱ። ዘር መቁጠር በትእዛዙ የተከለከለ እንደሆነ ጸሐፊው አሳሰበ። ሊቀመንበሩ የተከለከለው የሰው ነው አሉ። የፈረሱ ዘር ከብዙዎቹ አባላት ዘር የተሻለ ሆኖ ተገኘ። አገሩ በሙሉ ፈረስ ወዳድ ነውና በዚህ ቀን አባላቱ ያለ ጠብ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

በዚሁ ደስታ ላይ ሳሉ ሊቀመንበሩ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱን ሰዎች ትተን ፈረሱን ለምን አንቀጥረውም?

ሐሳቡ ከትእዛዙ ጋር በየነጥቡ ተመዛዘነ። ዳማ አልተጠመቀም፣ መስጊድም አልሄደም፤ ስለዚህ በሃይማኖት በኩል ነቀፋ የለበትም። የወላጆቹ ሙያ የታወቀና የተከበረ ነው። ሰንጋ በመሆኑ የጾታው ነገር ድሮ ተጠናቋል። መሪጌታ፣ ፈረሱ በቀጥቃጭ ቤት ማደጉ ሙያው ተላልፎበት እንደሆነ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ፈረሱ ብረት የሚያውቀው በልጓሙ ብቻ መሆኑን ስላስረዱ መሪጌታ ረኩ።

አቶ ሙደሲር ደብዳቤውን ለተቀባዩ ማን ሊሰጥለት እንደሆነ ጠየቁ። ይታይሽ ከፈረሱ ጋር እንድትሄድ፣ በማኅበሩ የንብረት መዝገብም ከኮርቻው ቀጥሎ ከልጓሙ በፊት የፈረሱ ዕቃ ሆና እንድትያዝ ሐሳብ ቀረበ። ቀለቧ ከፈረሱ ገብስ ይቀነሳል ተባለ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሊቀመንበሩና በመሪጌታ ድጋፍ፣ በአቶ ሙደሲር ተቃውሞ፣ ወይዘሮ ዋጋዬ ጭልፋቸውን ይዘው ዝም በማለታቸው፣ ዳማ የማኅበሩ መልእክተኛ ሆኖ እንዲቀጠር ተወሰነ።

በተጨማሪም ትእዛዙ ለሠራተኛው ወገን በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ እንዲሰጠው ስለሚያዝ፣ ብቸኛው ሠራተኛ ዳማ የሠራተኞች ተወካይ እንዲሆን መሪጌታ ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ለበላይ መሥሪያ ቤት በጣም ያማረ መልስ ይሆናል ተብሎ ታመነበት። ድምፁን የሚሰጥበት አኳኋንም በመሪጌታ ተደነገገ። ጆሮውን ወደ ፊት ካቆመ ደግፏል፤ ወደ ኋላ ከጣለ ተቃውሟል። በሩ ቀደም ብሎ የተነቀለ በመሆኑ ተወካዩ አንገቱን በደጃፉ አስገብቶ በአቶ ሙደሲር ትከሻ ላይ ቦታውን ያዘ።

አጀንዳ አምስት፦ ውሳኔውን ለይታይሽ ስለ ማስታወቅ

ይታይሽ ተጠርታ ገባች። የአባቷን ኮት ለብሳ ነበር። ውሳኔው ተነበበላት።

በመጀመሪያ፣ ፈረሱ ደመወዝ ሲቀበል በምኑ እንደሚፈርም ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ኮቴው ቀለም ተነክሮ እንደሚታተም አስረዱ። ለሁለተኛ ጊዜ፣ ፈረሱ በመንገድ ቢታመም ለማን እንደሚያመለክት ጠየቀች። ይህ ወደፊት በደንብ እንደሚወሰን ተነገራት። ቀጥላ የተናገረችውን ሊቀመንበሩ በአጭሩ እንዲጻፍ አዘው ነበር፤ አጭር ስለነበር እንዳለ ተጽፏል።

“ግራዝማች፣ እርስዎ ከልጅነቴ ያውቁኛል። ሁለት ክረምት ሙሉ የእርስዎን ደብዳቤ ከደረቴ ለጥፌ አድርሻለሁ፤ እኔ በስብሼ እሱ አልረጠበም። አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ ‘ዛሬስ ስምሽን ጻፉልሽ ወይ?’ ይለኝ ነበር። ‘ነገ ይጽፉታል’ እለው ነበር። አሁን የፈረሴን ስም ጻፋችሁት። የእኔን ብትጽፉት ምን ይጎድልባችኋል?”

ጸሐፊው አፈረ። ሊቀመንበሩ “አፈረ” የሚለው ቃል ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዙ። ጸሐፊው ቀለሙ መድረቁን አመለከተ።

ወይዘሮ ዋጋዬ ዕድል ሳይሰጣቸው ተነሡ። ጠዋት ስለ ልጅቱ አቀማመጥ የተናገሩት እንዲሰረዝላቸው ጠየቁ። የሴት ጉዳይ ሲታይ የሴቶች ተወካይ ሽንኩርት ሲያቁላሉ እንደነበር፣ እኩል መሆናቸውንም ባዶ ድስት ይዞ ከመጣ ሰው እንደሰሙ ተናገሩ። ወደ ይታይሽ ዞረውም “አይዞሽ ልጄ፣ እኔም ገበያ መሀል ዓይኔን የሸፈንኩት ቀንቼ ነው” አሏት። ከዚያ ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ይታይሽ ነጋ በራሷ ስም መልእክተኛ ሆና እንድትቀጠር ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሙደሲር ደገፉ።

ድምፅ ተሰጠ። ደጋፊ፦ ወይዘሮ ዋጋዬና አቶ ሙደሲር። ተቃዋሚ፦ ግራዝማች አድማሴና መሪጌታ ምህረቴ። ሊቀመንበሩ ድምፅ እኩል ሲሆን የሊቀመንበሩ ወገን እንደሚያሸንፍ በደስታ አስታወቁ። አቶ ሙደሲር አንድ አባል ገና ድምፅ እንዳልሰጠ አስታወሱ።

ሁሉም ወደ ደጃፉ ዞሩ። የሠራተኞች ተወካይ ይታይሽን ያይ ነበር። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ፊት ቆመዋል። መሪጌታ ዝንብ ይሆናል ብለው በነጠላቸው ቢያራግቡም ጆሮዎቹ አልተመለሱም።

ስለዚህ ይታይሽ ነጋ በሦስት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ፣ በራሷ ስም፣ የማኅበሩ መልእክተኛ ሆና እንድትቀጠር ተወሰነ። ይታይሽ ሳቀች። ሳቋ ከአጀንዳ ውጭ ቢሆንም ያስቆማት አልነበረም።

አጀንዳ ስድስት፦ በሊቀመንበሩ የቀረበ ድንገተኛ አጀንዳ

ሊቀመንበሩ ውኃ ጠጥተው ድንገተኛ አጀንዳ አቀረቡ። የሠራተኞች ተወካይ ከአመልካቿ ጋር በአንድ ቤት ያደገ፣ ከእጇ ገብስ የሚበላ የቅርብ ዘመድ ነው። ለዘመዱ ድምፅ መስጠቱም ትእዛዙ አጥብቆ የከለከለው አድልዎ ነው። ሊቀመንበሩ በማኅበሩ ታሪክ የመጀመሪያው አድልዎ በፈረስ በመፈጸሙ የተሰማቸውን ሐዘን ገለጹ።

አቶ ሙደሲር ሊቀመንበሩ ለወንድማቸው ልጅ ስላመለከቱት ማመልከቻ አንድ ጥያቄ እንዳላቸው ተናገሩ። ዕድል አልተሰጣቸውም። አቶ ሙደሲር በርጩማቸውን አንሥተው ወጡ፤ በርጩማው ከገዛ ሱቃቸው የተወሰደ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ወይዘሮ ዋጋዬ ጭልፋቸውን አንሥተው ተከተሏቸው። ይታይሽ ልጓሙን ስትይዝ የሠራተኞች ተወካይም አንገቱን ከደጃፉ አውጥቶ ሄደ።

ጸሐፊው ሁለት አባላት ብቻ መቅረታቸውን፣ ምልዓተ ጉባኤም መጉደሉን አስታወቀ። መሪጌታ ምህረቴ ምልዓት የልብ እንጂ የቁጥር አለመሆኑን አስረዱ። የወጡት አባላት ድምፃቸው ከውጭ እስከተሰማ ድረስ እንዳሉ እንዲቆጠሩ ተስማሙ። በእርግጥ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። አቶ ሙደሲር ለቆሰበር ደንበኞቻቸው የሚልኩትን ጥቅል ለይታይሽ ሲያስረክቡ፣ ወይዘሮ ዋጋዬም ለእህታቸው የሚደርስ ቅቤ ሲሰጡ፣ ዋጋውን ከእሷ ከራሷ ጋር ሲነጋገሩ ይሰሙ ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሁለት ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ።

የይታይሽ ነጋ መቀጠር ተሽሯል። የፈረሱም መቀጠር ተሽሯል። የሴቶች እኩልነት ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል፤ የረቡዕና የዓርቡ ምሳም እንዲሁ። የአቶ ሙደሲር በርጩማ ወደ ውስጥ ይግባ የተባለው ተሽሯል፤ በርጩማው ስለሌለ የሚተከለው በሩ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ነገር ያመጣው የመልእክተኛነት ሥራ መደቡ ስለሆነ መደቡ ራሱ ተዘግቷል። ሠራተኛ የሌለው ቀጣሪ በሠራተኛ ሊያዳላ አይችልምና፣ ለበላይ መሥሪያ ቤት እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ “በማኅበራችን አድልዎ የለም። ሠራተኛም የለም።” በመጨረሻም ስብሰባው ራሱ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

መልሱ ተጽፎ በፖስታ ታሸገ። ይህን ጊዜ መሪጌታ ወደ ቆሰበር ማን እንደሚያደርሰው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ “ነጋ” አሉ።

ጸሐፊው ወጥቶ ይታይሽን ለመጨረሻ ጊዜ እንድታደርስ እንዲለምናት ተላከ። ይታይሽ ፈረሱ ላይ ወጥታ ነበር። እንደምታደርስ ተናገረች፤ ነገር ግን በማን ስም እንደሆነ ጠየቀች። ጸሐፊው ተመልሶ ጥያቄውን ለሊቀመንበሩ አቀረበ። ሊቀመንበሩ መደቡ ስለተዘጋ በማንም ስም መጻፍ እንደማይቻል፣ አልሸከምም ካለች ጸሐፊው ራሱ በእግሩ እንዲያደርሰው ወሰኑ። መሪጌታ ደገፉ።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ። በሩን ጸሐፊው ተከለ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ጸሐፊው ድምፅ ስለሌለው ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም። የማኅበሩ ሠራተኛ የለም የሚለው መልስ በሰዓቱ ወደ ቆሰበር ሄዷል። በፖስታው ጀርባ ላይ በጸሐፊው እጅ፣ ጎላ ባለ ጽሑፍ የሚከተለው ይነበባል።

አድራሽ፦ ይታይሽ ነጋ፣ የማኅበሩ መልእክተኛ።